እህቴ አስተያየት አላት፤ ስለ ብሮድባንድ ትርጓሜ ለተከበረው ኮሚቴ

ለክቡር የብሮድባንድ ትርጓሜ ረቂቅ አዘጋጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ለኮሚቴው አባላት በሙሉ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። በተለይ ቃለ ጉባኤ የሚይዙልዎት ባልደረባ ዓይናቸው እንዲበረታ አጥብቄ እጸልያለሁ፤ ምክንያቱን ወደ ታች ዝቅ ሲሉ ያገኙታል።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ቆሜ ነው። ሦስት ጊዜ ተቀምጬ ጀምሬ ሦስት ጊዜም ተነሥቻለሁ። እስከ ግቢው በር እሄዳለሁ፣ መንገዱን አያለሁ፣ ተመልሼ አንድ አረፍተ ነገር እጽፍና እንደገና እነሣለሁ። ስለዚህ ሐሳቤ እዚህም እዚያም ቢረግጥ ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ሀይማኖት ወልደ ኢየሱስ እባላለሁ፤ ዕድሜዬ ስልሳ ሦስት ነው። የምኖረው በየካ ክፍለ ከተማ፣ ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ቁልቁል ሲወርዱ ባሕር ዛፉ አልቆ መንደሩ በሚጀምርበት፣ አባታችን በሠራው ቤት ውስጥ ከታናሽ እህቴ ከፈትለወርቅ ጋር ነው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ በአንድ መሥሪያ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነበርኩ። ስለ ኢንተርኔት የማውቀው ጥቂት ነው። ሰዎች ጠረጴዛ ከበው አንድ ቃል ሲጽፉ ምን እየሸሹ እንደሆነ ግን በደንብ አውቃለሁ።

አንድ ቃል ለመተርጎም አሥራ አራት ወር መፍጀታችሁን ስሰማ በትዕግሥታችሁ ተደንቄያለሁ። ፍሬው ደግሞ ይኸው፦ «ብሮድባንድ ማለት መረጃን ወደ ተጠቃሚው በሴኮንድ እስከ አሥር ሜጋ ቢት በሚደርስ ፍጥነት ማድረስ የሚችል ቋሚ የኢንተርኔት መስመር ነው።» አማርኛው ያማረ ነው። «እስከ» የሚለውንና «የሚችል» የሚለውን ቃል በአንድ አረፍተ ነገር ውስጥ ጎን ለጎን ያስቀመጠው ባለሙያ ማን እንደሆነ ባውቅ እጁን በጨበጥኩት ነበር፤ በዚህ አነጋገር እኔም በስልሳ ሦስት ዓመቴ እስከ ሰንዳፋ መሮጥ የምችል ሴት ነኝ።

ቅሬታዎቼን እንደ ልማዴ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ትርጓሜያችሁ ወደ ቤታችን የሚመጣውን ይቆጥራል እንጂ ከቤታችን የሚሄደውን አይቆጥርም። ረቂቁን አራት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ «መቀበል» የሚለው ቃል ዘጠኝ ቦታ ላይ አለ፣ «መላክ» የሚለው አንድም ቦታ የለም። በኮሚቴው ዓይን የየካ ነዋሪ ማለት ሶፋው ላይ ተደላድሎ ተከታታይ ድራማ የሚያይ ሰው ነው ማለት ነው። ድራማው እንዳይቆራረጥብን ስለተጨነቃችሁልን እግዚአብሔር ይስጥልን። ይሁንና በዚህ ተዳፋት ላይ የሚናገሩት ነገር ያላቸው ሰዎችም እንደሚኖሩ በታላቅ ትሕትና ላሳውቅዎ እወዳለሁ።

ከእነዚህ አንዷ እህቴ ናት። ፈትለወርቅ በአራት ዓመቷ ማጅራት ገትር ታማ ከሞት ተረፈች፤ መስማቷ ግን በዚያው ቀረ። ዛሬ ሃምሳ አምስት ዓመቷ ነው። የምልክት ቋንቋን በትምህርት ቤት ተማረች፣ እኔን ደግሞ እሷ አስተማረችኝ። የእጅ ጽሑፏ ከእኔ ያምራል። ሠላሳ ዓመት ያህል ልብስ ሰፍታለች፤ በሠፈራችን ያገቡ ሴቶች ግማሾቹ እሷ የሰፋችውን ቀሚስ ለብሰው ነው የወጡት።

የዛሬ ሁለት ዓመት ስሙን የማልጠቅሰው፣ ወደ አያት አቅጣጫ ያለ አንድ ጤና ጣቢያ መልእክት ላከባት። መስማት የተሳናቸው እናቶች ለወሊድ ሲመጡ የሚያነጋግራቸው ሰው ስላልነበረ ስድስት ነርሶች የምልክት ቋንቋ እንዲማሩ ተፈለገ። ነርሶቹ ሥራቸውን ትተው ወደ እኛ ሽቅብ መውጣት አይችሉም፤ እህቴም ጉልበቷ እንደ ልብ አያስኬዳትም። ስለዚህ ትምህርቱ በቪዲዮ እንዲሆን ተስማሙ፤ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት።

ያን ሰሞን የነበረችውን ፈትለወርቅን ቢያዩልኝ ደስ ባለኝ። እጇ ጎልቶ እንዲታይ ግድግዳው ላይ ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ ሰቀለች። ስልኩን በስፌት መኪናዋ ላይ በሁለት ክር ጥቅሎች መካከል አቆመችው። ትምህርቱ ሊጀመር ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ምሳዋን ሳትጨርስ ተነሥታ ጸጉሯን ታስተካክላለች። ስድስት ሴቶች በየሳምንቱ ሦስት ቀን «መምህርት» ይሏት ጀመር። ከሚሰሙ ሰዎች ጋር እኔ መሐል ሳልገባ ስትነጋገር ያየኋት ያኔ ነው፤ በሩን ዘግቼላት ወጥቼ ግቢው ውስጥ ስንጎራደድ እቆያለሁ። ምን እንዳስጨነቀኝ ለራሴም አይገባኝም ነበር።

ሁለተኛ፤ መለኪያችሁ። ካለፈው ዓመት ወዲህ በመስመሩ ላይ የተቀጠለው ቤት በዛ፣ የእህቴም ምስል መድረቅ ጀመረ። ክፉነቱ ለእሷ አለመታየቱ ነው። የነርሶቹ ፊት ጥርት ብሎ ይመጣላታል፤ የእሷ እጅ ግን ለእነሱ አየር ላይ ደርቆ ይቀራል። ለሌላ ሰው ምስሉ ቢደርቅ ድምፁ ይቀጥላል። እህቴ ድምፅ የላትም፤ እጇ ሲቆም ንግግሯ ቆመ ማለት ነው። አንዳንዴ ሙሉ አምስት ደቂቃ ለማንም ስታስተምር ቆይታ፣ ነርሶቹ እጃቸውን ሲያወናጭፉ አይታ ከመጀመሪያው ትጀምራለች።

ለአገልግሎት ሰጪው ሦስት ጊዜ አመለከትን። በሦስተኛው ወንደሰን የሚባል ትሑት ባለሙያ መጣ። ጫማውን በር ላይ ጠርጎ ገባ፣ ስልኩን ኢንተርኔቱን ከሚያሰራጨው ሳጥን አጠገብ አድርጎ ለካ፣ ዘጠኝ ነጥብ አራት ሜጋ መሆኑን አሳየን፣ ፎርሙንም ሞላ። ከዚያ ቁጥር በታች አንዲት ትንሽ ቁጥር አይቼ ምንድን ናት ብዬ ጠየቅሁት። ትንሽ አመነታ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እናቴ፣ የሚመጣው ደህና ነው፤ የሚሄደው ግን ግማሽ ሜጋም አይሞላም። እሱን የምሞላበት ቦታ ግን ፎርሙ ላይ የለኝም» አለኝ። እንግዲያው ከፎርሙ ጎን ባዶው ቦታ ላይ ጻፍልን ብዬ ለመንኩት። ፎርሙ ስልክ ውስጥ ስለሆነ ጎን የለውም ሲል መለሰልኝ፤ እውነቱን ነው፣ አሳየኝ፣ ጎን የለውም። ሻይ አቅርበንለት ሳይጠጣ ሄደ።

ሦስተኛ፤ ከአሥር ቀን በኋላ የደረሰን የጽሑፍ መልስ «በረቂቅ ትርጓሜው መሠረት ደንበኛዋ የብሮድባንድ ተጠቃሚ በመሆናቸው ቅሬታው ውድቅ ተደርጓል» ይላል። ገና ያልጸደቀ ረቂቅ እንዲህ በአንድ ጊዜ ሥራ ላይ ሲውል በማየቴ ለኮሚቴው ያለኝ አክብሮት ጨምሯል። በዚህ መስመር ላይ እንዲያ የፈጠነ ሌላ ነገር አላየሁም።

አራተኛውን ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሰርዤዋለሁ፤ ስለ ጽሑፌ መበላሸት አይታዘቡኝ።

በአንድ ቅዳሜ ጠዋት አንዲት ወጣት ሴት በእግሯ ሽቅብ ወጥታ በራችንን አንኳኳች። ሰኚ ጉደታ ትባላለች፤ ከስድስቱ ተማሪዎች አንዷ፣ አዋላጅ ነርስ ናት። እህቴ ከስልኩ ውጭ አይታት ስለማታውቅ አቅፋ ሳመቻት። ሰኚ ግን ለመቀመጥም አልፈለገች። የመጣችበትን ለእኔ በአፏ፣ ለእህቴ በእጇ፣ እኩል እየነገረች አስረዳችን።

ባለፈው ወር በአንድ ረቡዕ እህቴ ያስተማረችው ጥያቄ «ሕፃኑ ሆድሽ ውስጥ ይንቀሳቀሳል?» የሚለው ነበር። እህቴ ባስተማረችው መንገድ እጅ ሆድ ላይ ይቀመጥና ጣቶቹ ይርገበገባሉ። ያን ቀን እጇ ሆዷ ላይ እንዳረፈ ምስሉ ደረቀ። መልሶ ሲመጣ ወደ ሌላ ቃል አልፋ ነበር። ስድስቱም ነርሶች ያዩት ሆድ ላይ ዝም ያለ እጅ ነው፤ እሱንም ሳይጠራጠሩ ያዙት።

ዘጠኝ ቀን ቆይቶ አንዲት መስማት የተሳናት ሴት ምጥ ይዟት መጣች። አብራት ያለችው አማቷ ምልክት አታውቅም። ሰኚ ደስ ብሏት፣ እኔ አለሁ ብላ ገባች። በራሷ ሆድ ላይ እጇን ዝም አድርጋ አስቀመጠችና በፊቷ ገጽታ ጠየቀቻት። ሴትየዋ የገባት «ሕፃኑ ቆሟል» የሚል ነው። ከአልጋው ልትወርድ ታገለች፣ ጮኸች፣ የሚይዟትን ገፋች፣ የደም ግፊቷ አሻቀበ። ሰኚ ምን እንዳጠፋች አላወቀችም፤ ደጋግማ ያንኑ ምልክት አሳየቻት፣ በደጋገመችም ቁጥር ባሰባት። በወረቀት ልትጽፍላት ሞከረች፤ ሴትየዋ ማንበብ አትችልም። የሕፃኑን የልብ ምት የሚያሰማውን መሣሪያ አመጡ፤ ለማን ይሰማል? በመጨረሻ ሰኚ የሴትየዋን እጅ በሁለት እጇ ይዛ ሆዷ ላይ አስቀመጠችው፤ ሕፃኑ እስኪራገጥ ድረስም ሳትለቅ አብራት ቆየች። ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀ።

ሕፃኗ በሰላም ተወለደች። እናትየዋ ግን ከመውጣቷ በፊት ምልክት የምታውቅ ዘመዷ ስትመጣ አንድ ጥያቄ አስጠየቀች፤ ልጄ እየኖረች ለምን ሞታለች አላችሁኝ የሚል።

ሰኚ ይህን ነግራን ስታበቃ ምልክቱን አሳየች፣ እጇ ሆዷ ላይ ዝም ብሎ። እህቴ አየቻት። ተነሥታ የሰኚን ጣቶች በራሷ ጣቶች ይዛ አርገበገበቻቸው፣ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ብዙ ጊዜ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ጥፋቱ የእኔ ነው ወይ ብላ ጠየቀች። ሰኚ በእጇ መለሰችላት፤ እኔም እንድሰማ ይመስለኛል በአፏም ጨመረችበት። «መምህርት፣ ያሳዩኝን ነው ያደረግሁት። የደረሰኝ ግን ግማሹ ነው።»

ክቡር ሆይ፣ በትርጓሜያችሁ መሠረት በዚያች ረቡዕ ቤታችን ብሮድባንድ ነበረው።

ጤና ጣቢያው ጉዳዩ እስኪጣራ ብሎ ትምህርቱን አቆመ፤ አልፈርድባቸውም። ሊጀምር ያሰበ ሌላ ጤና ጣቢያም ነበር፤ እሱም ዝም አለ። ከስድስቱ ነርሶች ሦስቱ በየቅዳሜው በእረፍታቸው ሽቅብ እየወጡ በስፌት ክፍሏ ውስጥ ይማራሉ። የቀሩት ሦስቱ ልጅ አለባቸው፣ ተረኛ ናቸው፣ ሩቅ ነው። ሰማያዊው ጨርቅ አሁንም እንደተሰቀለ ነው።

(እዚህ ላይ ተነሥቼ ነበር። እስከ ባሕር ዛፉ ሄጄ ተመልሻለሁ።)

አምስተኛ፤ ምክክራችሁ። እህቴ ከዚያ ቅዳሜ በኋላ እንደ እኔው መቀመጥ አቃታት። ስፌት ትጀምርና ትተወዋለች። በዚህ መሐል ኮሚቴው በረቂቁ ላይ ሕዝቡን በኢንተርኔት ሊያወያይ መሆኑን ማስታወቂያችሁ ላይ አነበበች። ወዲያውኑ ተመዘገበች፤ ቅጹ ላይም መስማት የተሳናት መሆኗን፣ አስተያየቷን በምልክት ቋንቋ እንደምትሰጥ በራሷ እጅ ጻፈች። በአዳራሻችሁ አስተርጓሚ ማዘጋጀታችሁንም አሳወቃችኋት። ለዚህ ያለ ምንም ሽሙጥ አመሰግናለሁ፤ በደብዳቤው ውስጥ እንዲህ ያለ ምስጋና አንድ ብቻ ስለሆነ ዕወቁልኝ።

ስድስት ቀን ተዘጋጀች። የምትለውን እየጻፈች ሰረዘች፣ መስተዋት ፊት ቆማ በሰዓት ለካች፣ ለእያንዳንዱ ተናጋሪ የተፈቀደው ሦስት ደቂቃ ስለሆነ ቆርጣ አሳጠረች። በዕለቱ ጠዋት ጠርታኝ «ዛሬ አንቺ አትናገሪልኝ» አለችኝ። እሺ አልኳት።

ተራዋ ደረሰ። ከእኛ በኩል አዳራሻችሁ እንደ መስተዋት ጠርቶ ይታይ ነበር፤ የእርስዎ ክራባት ሰማያዊ መሆኑን፣ ከግራዎ የተቀመጡት አባል ስልካቸውን ጠረጴዛ ሥር ይዘው እንደነበር፣ ሁሉን አይተናል። እህቴ ጀመረች። ስለዚያች ሴትና ስለ ሰኚ እጅ ነበር የምትናገረው። አስተርጓሚው ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ፣ አንገቱን አሰገገ፣ ከዚያ ወደ እርስዎ ዞሮ ራሱን ነቀነቀ። ለእህቴም እንደማይታይ በምልክት ነገራት። ከመጀመሪያው ጀመረች። እንደገና ነገራት። ሦስተኛ ጊዜ ስትጀምር ፍጥነቷን ቀንሳ፣ እያንዳንዱን ቃል ለሕፃን እንደሚያሳይ ሰው እየያዘች፣ ግንባሯ በላብ ርሶ ነበር።

የገባሁላትን ቃል ያፈረስኩት ያኔ ነው። ወደ ስልኩ ጎንበስ ብዬ እህቷ ነኝ፣ ምስሉ እየቆመ ነው፣ እባካችሁ ትንሽ ጠብቁን አልኩ። መድረኩን የሚመሩት ሰው ያልተመዘገበ ሰው መናገር እንደማይችል በትሕትና ገልጸው ድምፃችንን ዘጉት። ሦስት ደቂቃው አለቀ፤ ቀጣዩ ተናጋሪ ተጠራ። እህቴ እጇ አየር ላይ እንዳለ ስክሪኑን ስታይ ቆየች።

ቃለ ጉባኤው በአራተኛው ቀን ወጣ። ተራ ቁጥር አሥራ ሰባት ላይ እንዲህ ተጽፏል፦ «ወ/ሮ ፈትለወርቅ ወልደ ኢየሱስ፤ አስተያየት የላቸውም።»

እንደ ሥራ ባልደረባ ጥቂት ልናገር። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ «አስተያየት የላቸውም» ብዬ የጻፍኩት ሰውየው በራሱ አንደበት የለኝም ሲል ብቻ ነው። ሲያንቀላፋ የነበረውን፣ ኩርፊያ የያዘውን፣ በር ላይ ቆሞ ሲጨቃጨቅ ተራው ያለፈውን እንኳ እንዲያ ብዬ አልጻፍኩም። «ንግግራቸው በመስመር ብልሽት ምክንያት አልደረሰንም» የሚባል አንድ መስመር አለ። አምስት ቃል ነው፤ የትርጓሜ ኮሚቴ የማይከብደው ይመስለኝ ነበር።

ስድስተኛው ቅሬታ በእናንተ ላይ አይደለም። ቢሆንም ቁጥሩን ጀምሬዋለሁና ልጨርሰው።

እህቴ ቃለ ጉባኤውን አንብባ አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። ልብስ የምታሰምርበትን ሰማያዊ ጠመኔ አንሥታ ወረቀቱ ላይ ከዚያ መስመር ሥር ምልክት አደረገች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና «አንቺስ እስከ ዛሬ ስንት ጊዜ እንዲህ ብለሽልኛል?» አለችኝ።

 በዕድር ስብሰባ «እሷስ?» ሲሉኝ «ከእኔ ጋር ናት» ብዬ አልፌያለሁ። ሐኪም የት ነው የሚያምሽ ብሎ ጠይቆኝ ሳላስተላልፍላት የመሰለኝን ነግሬዋለሁ፤ ሰልፉ ረጅም ነበር። እነዚህ ትንንሾቹ ናቸው። እሷ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ሳለች ከቀበና አንድ ሰው ሽማግሌ ልኮባት ነበር፣ እንደ እሷው መስማት የተሳነው፣ ጫማ ሠሪ። አባታችን አልፈለገም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ግን ወደ እኔ ዞሮ ልጅቷ ራሷ ምን ትላለች ብሎ ጠየቀ። እህቴ ከበሩ አጠገብ ቆማ ነበር። ሳልጠይቃት «እሷ ምንም አትልም» አልኩ።

ይህን እየቆጠርኩ ከፊቷ ወጥቼ ሄድኩ። ተዳፋቱን እስከ ዛፎቹ ወጥቼ ወረድኩ፣ እንደገና ወጣሁ። ስመለስ ስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ክር ታስገባለች። ፊት ለፊቷ ቆሜ የዚያን ቀኑን ነገርኳት፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ያልነገርኳትን። ክሩን አስገብታ ጨረሰችና አውቃለሁ አለችኝ። «ያን ቀን ከንፈርሽን አይቼዋለሁ።» ይቅርታ ለማለት እጄን አንሥቼ መልሼ አወረድኩት። በማግሥቱ አልኳት። ራሷን ነቀነቀች፤ ምን ማለቷ እንደሆነ ግን ዛሬም በእርግጠኝነት አልጽፍም።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ የእህቴ አስተያየት አይደለም፤ እኔ ስለ እሷ መናገር አቁሜያለሁ። ይህ የእኔ ነው። እሷ በመጪው ሐሙስ በምታካሂዱት የመዝጊያ ስብሰባ ላይ በአካል ትገኛለች። ስሟን አስመዝግባለች፣ ታክሲም ጠርታለች፣ ሦስቱ ነርሶችም ፈቃድ ወስደው አብረዋት ይመጣሉ። አስተርጓሚው ከአራት ሜትር ርቀት ያያታል፤ እጇም አይደርቅም። እኔ ከአዳራሹ ውጭ እሆናለሁ። መቀመጥ ስለማልችል ለጥበቃዎቹ ቀድመው ቢነግሩልኝ፣ በረንዳው ላይ የምትንጎራደድ ሴት ቢያዩ እንዳይደናገጡ።

ከእኔ በኩል የምጠይቀው ይህን ነው። የሚሄደውን እንደሚመጣው ቁጠሩት። «እስከ» የሚለውን አውጥታችሁ «ከዚህ ያላነሰ» በሉ። መለኪያውን ከሳጥኑ አጠገብ ሳይሆን ሰው ከሚቆምበት፣ ሰው በሚሠራበት ሰዓት ለኩ። ለእነ ወንደሰን ፎርምም ጎን ሥሩለት። በረቂቁ ምክንያት መልስ የተነፈጋቸውን ቅሬታዎችም መልሳችሁ ክፈቱ፤ በዚህ ተዳፋት ላይ የእኛ ብቻ እንዳልሆነ ጎረቤቶቻችን ነግረውኛል።

ደብዳቤውን ለእህቴ ሰጥቻት አነበበችው። ስለ ጫማ ሠሪው የጻፍኩትን ላውጣው ወይ ብዬ ጠየቅኋት፤ ይሁን፣ ይቆይ አለችኝ። ከዚያ ለኮሚቴው የምታቀርበውን ትርጓሜ በራሷ እጅ ጽፋ፣ አንድ አረፍተ ነገር ብቻ እንዳካትት ፈቀደችልኝ። እንዳለ ገልብጬዋለሁ፦ «ብሮድባንድ ማለት ጀምሬ እስክጨርስ ድረስ የምለውን ሙሉውን የሚያደርስ መስመር ነው።» ሜጋ ቢቱን ለባለሙያዎች ትታዋለች።

እንግዲህ ውድ ጊዜዎን ስለሻማሁ፣ በቆምኩበት መጻፌም ከክብርዎ ጋር የማይሄድ መሆኑን ስለማውቅ፣ ረጅም ዕድሜ፣ ያማረ ሥራ፣ የማይደርቅ ምስልና የሚያምኑት ቃለ ጉባኤ ይሰጥዎ ዘንድ እየተመኘሁ፣ በተዳፋቱ ላይ ላለን ተቀባዮች ሁሉ ስላሳያችሁት አሳቢነት ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

አክባሪዎ፣
ሀይማኖት ወልደ ኢየሱስ
የቀድሞ ቃለ ጉባኤ ያዥ

ድኅረ ጽሑፍ፤ ፈርሜ ፖስታውን ሳላሽግ፣ ዛሬ ረፋድ ላይ የእህቴ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ሦስት ጊዜ ተንቀጠቀጠ፣ ሦስት ጊዜም ቆመ። ልትሰጠኝ አልፈለገችም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ጥቂት ቆይቶ የገባው አጭር መልእክት እንዲህ ይላል፦ «ከኮሚቴው ጽሕፈት ቤት። አስተያየትዎን በቃል ለመቀበል ሦስት ጊዜ ደውለን ስልክዎን አላነሡም። ለመናገር ፈቃደኛ አለመሆንዎ ተመዝግቧል።» መስማት የተሳናትን ሴት ድምፅ ለመስማት ስላደረጋችሁት ትጋት ቃል ያጥረኛል። እህቴ መልእክቱን ሁለት ጊዜ አንብባ ስልኩን ኪሷ ከተተችና ሐሙስ የምትለብሰውን ቀሚስ መተኮስ ጀመረች።